ያልተጠራው ሦስተኛ

«ዛሬም አመሸሽ» አሉ አቶ ሁንዴሳ፣ ሞልቱ ገና የአጥሩን በር ገፍታ ስትገባ። ልጃቸውን በእግሯ ኮቴ ያውቋታል።

«ከኑሪ ጋር ቅራኔ ስንፈታ ቆይተን ነው፣ አባ።»

በደጃፉ ድንጋይ ላይ የጫማዋን ጭቃ እየጠረገች ነበር የመለሰችላቸው። ደክሟታል፤ ቃሉን መርጣ አልተናገረችውም።

አቶ ሁንዴሳ በረንዳው ላይ ካለው ጉቶ ላይ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ድምፅዋ ዞሩ።

«ታዲያ ተፈታ?»

«ጥቂቱ ተፈታ። አብዛኛው እምቢ አለ።»

«እምቢ ያለው ማን ነው? አንቺ ነሽ እሱ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሞልቱ። ውሸት አልነበረም። ከዐሥሩ ጥያቄ ያገኘችው ሦስቱን ነው፤ ኑሪ ሰባት አግኝቷል። «እሱማ ምን አለበት። ያልሆነልኝ ለእኔ ነው።»

«ጥፋቱ ካንቺ ከሆነ ቀላል ነው» አሉ አባቷ፣ ልባቸው ቀለል ያለ መስሎ። «ከባዱ የሰው ጥፋት ነው።»

ሞልቱ ነገሩን ሳታጤነው ገባች። ቦርሳዋን ምስማር ላይ ሰቀለች፤ ሽሮውን ጣደች፤ አባቷን አበላች፤ ተኛች። አባቷ ምን እንደ ሰሙ የገባት ከሦስት ቀን በኋላ ሐሙስ ጠዋት ነው። ወደ አውቶቡስ ስትሮጥ ጎረቤታቸው አቶ ደገፋ የወተት ማመላለሻቸውን አህያ ላይ ጭነው መንገድ ላይ አገኟት።

«እሑድ ጠዋት የትም እንዳትሄጂ» አሏት። «ልጁንም ጠርተነዋል።»

«የቱን ልጅ፣ አባባ ደገፋ?»

«የተቀያየምሽውን ነዋ። መካኒሳ ወተት የማደርስበት ሰፈር ነው ቤቱ። ‹እሑድ ላፍቶ ድረስ ና፤ ስለ ቅራኔው ነው› ብዬ ለሚስቱ ነግሬያታለሁ። እመጣለሁ ብሏል። ጥሩ ልጅ ይመስላል።»

ሞልቱ አፏን ከፈተች። አውቶቡሱ ደግሞ ከታች ሲያጓራ ይሰማታል፤ ይሄኛው ካመለጣት የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ስታፍር ቃል የሚጠፋት ልጅ ናት። «እሺ» ብላ ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሞልቱና ኑሪ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ይሠራሉ። ሥራቸው ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን የከብት ቆጠራ ማጠቃለል ነው። በሚያዝያ ወር 1979 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሰዒድ ሁለቱንም ጠርተው ክፍሉ ሊታጠፍ መሆኑን ነገሯቸው። ከሁለቱ አንዱ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ አዲስ በሚቋቋመው የጥናት ክፍል ይቀራል፤ ሌላው ኢሉባቦር፣ ጎሬ ላይ ወደሚከፈተው ቅርንጫፍ ይሄዳል። ማን እንደሚቀር የሚለየው በፈተና ነው። «አድልዎ የለም» አሉ ጓድ ሰዒድ፣ እንደማዘንም ብለው። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ ቁጥር፣ ቋንቋና አመዛዝኖ መረዳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎሬ አገር ነው፣ ሰው ይኖርበታል ብሎ ይሄድ ይሆናል። ሞልቱ ግን አባቷን ለማን ትተዋቸው? እናቷ ካረፈች አራት ዓመት አልፏታል። ያላት አንድ ወንድም ሮበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ከዘመተ ወዲህ ሰሜን ነው። የአቶ ሁንዴሳ ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራ ወጥቶበታል፤ ሆስፒታል የተሰጣቸው ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ይዛቸው እንዳትሄድ ደግሞ፣ አቶ ሁንዴሳ የሚኖሩት ዓይናቸው ባያየውም እግራቸው የሚያውቀው መሬት ላይ ነው። ከቤት እስከ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ እስከ በረቱ፣ ከበረቱ እስከ አቶ ደገፋ አጥር ማንም ሳይመራቸው ይሄዳሉ። እዚህ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው፤ ሌላ ቦታ ዕውር ይሆናሉ። ሞልቱ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ጓድ ሰዒድ «የቤተሰብ ችግር ያለበት አለ?» ብለው ሲጠይቁም እጇን አላነሣችም። የኑሪ ሚስት ሐሚዳ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሱም እጁን አላነሣም።

ለቁጥሩም ለቋንቋውም አልሰጋችም። ስታቲስቲክስ ተምራለች። ያስቸገራት ሦስተኛው ክፍል ነው። ኑሪ ከዩኒቨርሲቲ ዘመድ ዘንድ በእስቴንስል የተባዛ የቆየ የመለማመጃ ጥራዝ አግኝቶ ነበር፤ ማን ከእንግሊዝኛ እንደ መለሰው አይታወቅም። ተርጓሚው ለነገሩ ሌላ ስም ሳይመጣለት ቀርቶ ይሁን ወይም ቃሉ በዘመኑ በየሰው አፍ ስለነበረ፣ ርእሱን «ቅራኔ መፍታት» ብሎታል። እያንዳንዱ ጥያቄ እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ይናገራል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከታች ከተዘረዘሩት አራት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያቆመውን መምረጥ ነው።

ሲናገሩት ቀላል ነው። የሞልቱ እጅ ግን እምቢ አለ። ዩኒቨርሲቲ በነበረችበት ዓመታት ሁሉ፣ መሥሪያ ቤትም ከገባች በኋላ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ፣ ስለ ቅራኔ ያልተማረችው የለም። ቅራኔ የሚፈታው በትግል ነው፤ አንዱ ወገን ሌላውን ያሸንፋል፤ ያረጀው ይወድቃል። ማስታወሻ ይዛለች፤ ተፈትናበታለች፤ በጥሩ ውጤት አልፋለች። አሁን «ቅራኔ» የሚለውን ቃል ባየች ቁጥር ዓይኗ የሚሄደው ከሁለቱ አንዱን ወደሚጥለው መልስ ነው። ወተቱ ጨምሯል ይላል፤ ቀንሷልም ይላል፤ እሷ «በእርግጥ አልጨመረም» የሚለውን ትመርጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዳኛ አይደለሽም እኮ» ይላት ነበር ኑሪ፣ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ጥራዙን ዘርግተው። «ሁልጊዜ አንዱን ገድለሽ ነው የምትወጪው። ሁለቱንም አኑሪያቸው ነው የሚልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ፤ ግን ገደልሽው። ይኸው ሰባተኛውንም ገደልሽው። ነፍስ ይማር።»

ኑሪ እንዲህ ነው። የሚፎካከራትን ልጅ ቁጭ ብሎ ያስጠናታል፤ እያስጠናት ያሾፍባታል። ሞልቱ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ደክሟት ዝም ትላለች። ጠዋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ላሟን አልባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ እስከ መካኒሳ በእግሯ ወርዳ፣ አውቶቡስ ላይ ቆማ ነው መሥሪያ ቤት የምትደርሰው። ማታም ያንኑ መንገድ መልሳ ትወጣዋለች። ጥያቄዎቹን የምትደግማቸው ሰልፍ ላይ ቆማ ነው።

እሑድ ጠዋት ኑሪ ሱሪውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰብስቦ፣ ጥራዙን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ሁለት በርጩማና አንድ አጎዛ ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ሁንዴሳ ጋቢ ለብሰዋል። አቶ ደገፋ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ልጆች» አሉ፣ «ለሁለት ሰው አንድ ወንበር ሲሰጥ መቀያየም ያለ ነው። ወንበሩን የሰጣችሁ ሰው ነው እንጂ የተሳሳተው እናንተ አይደላችሁም። አሁን መጀመሪያ እሱ ይናገር፤ እንግዳ ነው።»

ኑሪ ወደ ሞልቱ ዞረ። ሞልቱ መሬቱን ታያለች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባውና ከንፈሩን ነከሰ።

«አባባ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም» አለ።

«ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው» አሉ አቶ ደገፋ።

«ወላሂ አልተጣላንም። ቅራኔው የወረቀት ነው። ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ የተጻፈ።»

«የወረቀት ቅራኔማ የባሰ ነው። የመሬትስ ነገር የመጣው በወረቀት አይደለም?»

አቶ ሁንዴሳ እጃቸውን ዘረጉ። ኑሪ ጥራዙን ሰጣቸው። ገጾቹን በጣታቸው ደባበሱ፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ መልሰው ሰጡት። «እስቲ አንብብልን» አሉ። «ከመጣህ አይቀር።»

ኑሪ ከምር ይሁን ለቀልድ ሳይለይ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «አንድ የወተት አምራቾች ማኅበር ለአባሎቹ የተሻለ መኖ አደለ። በዚህም ምክንያት እያንዳንዷ ላም የምትሰጠው ወተት ጨመረ። ሆኖም አባላቱ ለማኅበሩ የሚያስረክቡት ወተት ካለፈው ዓመት ቀነሰ።»

«ከሳሹ ማን ነው?» አሉ አቶ ደገፋ።

«ከሳሽ የለውም።»

«አለው እንጂ። ማኅበሩ ነው። ወተት ቀረብኝ ይላል። ላሟ ደግሞ እኔ ጨምሬያለሁ ትላለች።»

«ታዲያ የሚዋሸው ማን ነው?» አለ ኑሪ፣ ሞልቱን በክርኑ ነካ አድርጎ።

«ማንም አይዋሽም» አሉ አቶ ሁንዴሳ። «ለምን ይዋሻሉ? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለቱም እውነት ሲናገር አጋጥሞህ አያውቅም? እኔን ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። አንዱን ውሸታም ካልክ ዕርቁ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ያልተጠራ ሰው አለ ማለት ነው። ሦስተኛው አልመጣም።»

ሞልቱ ቀና አለች። «ማን ነው ሦስተኛው፣ አባ?» ከተቀመጡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ቅሉ ነዋ።»

«መናጫው» አሉ አቶ ደገፋም፣ እንደዚህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «ወተት ጥቂት ስትሆን ለመናጥ አትበቃም፤ ምን ታደርጊያታለሽ፣ ታስረክቢያታለሽ። በርከት ስትል ግን ቅሉን ትሞላለች። ትናጫለሽ። ቅቤ ከወጣልሽ በኋላ ወተት ተሸክሞ ማኅበር ድረስ ማን ይሄዳል?»

«እናትሽም እንደዚያው ነበረች» አሉ አቶ ሁንዴሳ። «ላሟ የወለደች ሰሞን አንድ ጠርሙስ ወተት ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር።»

ኑሪ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አባባ፣ ጥያቄው ላይ ቅቤ የለም!»

«መልሱ ላይስ?» አሉ አቶ ሁንዴሳ በእርጋታ።

ኑሪ ዓይኑን እየጠረገ አራቱን ምርጫ አየ። የመጨረሻው «አባላቱ ከቀድሞው የበለጠ ወተት በየቤታቸው ለራሳቸው ማዋል ጀመሩ» ይላል። መልሶ አነበባት። «ይቺ ናት መሰለኝ» አለ። «በአጋጣሚ ነው።»

ሞልቱ አልሳቀችም። ያ ጥያቄ ሰኞ ዕለት የገደለችው ነበር።

እርጎ ቀረበ። ኑሪ እየጠጣ ሌላ ጥያቄ ሊያነብላቸው ገጽ ሲገልጥ አቶ ሁንዴሳ ወደ ራሳቸው ወሬ ገቡ። «እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል» አሉ። «እኔ ፊደል ሳልቆጥር አንድ ቀን ማመልከቻ አስጽፌ አላውቅም ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ ተፈትኜ፣ ወረቀቴን ከተቀበልኩ ወዲህ ግን የማመልከቻ ጸሐፊውን ደጃፍ የረገጥኩትን ያህል የአቦን ደጃፍ አልረገጥኩም።»

«ፊደል ቆጥረው? ራስዎ አይጽፉም ነበር?» አለ ኑሪ፣ ገና ሳቁ ሳይለቀው።

«ማመልከቻ መጻፍ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። በፊትስ የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ የሚለጥፉትን ማን ያነብልኝ ነበር?»

ኑሪ ግን ለአቶ ደገፋ የቅቤውን ነገር መልሶ እያነሣላቸው ነበር፤ የሰማ አይመስልም። በመጨረሻ ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አቁመው እጅ ለእጅ አያያዟቸው።

«አልተጣላንም እኮ» አለ ኑሪ።

«ግድ የለም፣ ታረቁ» አሉ አቶ ደገፋ። «ዕርቁ ይቀመጥ። አይበላሽም።»

ኑሪ የሁለቱንም ጉልበት ስሞ፣ ሱሪውን እንደገና ሰብስቦ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ሞልቱ፣ ፈተናው ላይ ቅቤ ብለሽ እንዳትጽፊ!» አለ። እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ሲስቅ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሞልቱ እጅ ተቃና። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብባ ስትጨርስ ራሷን አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ ያልተጠራው ማን ነው? አንዳንዴ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ዝናም ነው፤ አንዳንዴ የተቀየረ ሰዓት ነው። ሦስት ባገኘችበት ክፍል ስምንት አገኘች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ። ኑሪ «አባትሽን ነው መቅጠር የነበረባቸው» አላት። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥራዙን ለእሷ ተወላት። «እኔ በቃኝ፤ እያየሁት ሐሚዳ ናት የምትታየኝ» አለ። ሞልቱ ልታመሰግነው ፈልጋ እስክታስብበት ድረስ ወጥቶ ሄደ።

ፈተናው በግንቦት መጨረሻ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ መሰብሰቢያ አዳራሽ ተሰጠ። ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ፣ በመካከላቸው ሦስት እርምጃ። ተቆጣጣሪዋ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ አሰገደች የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ሹራብ እየሠሩ ያዩዋቸዋል። ውጭ ዝናም ነበር። አሸንዳው ተቀድዶ ውኃው ደረጃው ላይ ይፈስሳል።

ቁጥሩ አለቀ። ቋንቋው አለቀ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሞልቱ እስከ አምስተኛው ጥያቄ ሳትቸገር ሄደች። ስድስተኛው እንዲህ ይላል፤ «በአንድ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተካሄደ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ነዋሪዎች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ሆኖም ከዘመቻው በኋላ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው የሚያስጽፉ ነዋሪዎች ቁጥርም ጨመረ። ይህን ቅራኔ የሚፈታው የቱ ነው?»

ሀ. ትምህርቱ በሚገባ አልተሰጠም ነበር።
ለ. ማመልከቻ ጸሐፊው የቀበሌው ነዋሪ ነው።
ሐ. ነዋሪዎቹ በቀበሌው በር ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን ማንበብ ጀመሩ።
መ. ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ።

ሞልቱ ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለጋትም። አባቷን አየቻቸው፤ ዓይናቸው ገና ደህና ሳለ፣ የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ቆመው በጣታቸው ፊደል በፊደል ሲከተሉ። የግጦሹ መሬት ሊከለል መሆኑን ያነበቡት እንደዚያ ቆመው ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ሄዱ። ሐን ከበበች።

ወዲያው አዳራሹ በር ላይ አንድ ተላላኪ ብቅ ብሎ «ስልክ ይፈልግዎታል» አላቸው ተቆጣጣሪዋን። ሴትዮዋ ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

«ስድስት» አለ ኑሪ በትንሽ ድምፅ። «ሃሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ?»

ሞልቱ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ነው። ቀና አላለችም።

«ሞልቱ። ሃሌታው ነው ሐመሩ?»

ሰምታዋለች። አንድ ቃል ነው፤ ከንፈር ማንቀሳቀስ ይበቃል። ወይራው ሥር አብሯት ተቀምጦ ነበር እኮ፤ አባቷ ሲናገሩ እዚያው ነበር፤ ያስታውሰዋል ብላ አሰበች። ደግሞ ፈተና ላይ መነጋገር ክልክል ነው ብላ አሰበች። ደግሞ ጎሬን አሰበች። ከሦስቱ የቱ አፏን እንደ ያዘው ኋላም ለይታ አላወቀችውም። አሸንዳው ውኃውን ደረጃው ላይ ያፈስሳል። ኑሪ ሦስተኛ ጊዜ አልጠራትም። ተቆጣጣሪዋ ተመልሰው ገቡ፤ ሹራባቸውን አነሡ።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን ጓድ ሰዒድ በር ላይ ተለጠፈ። ሞልቱ ሁንዴሳ ሰባ አንድ። ኑሪ ሰባ። ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው አነበቡት። ጓድ ሰዒድ ወጥተው ሁለቱንም ጨበጡ፤ ለኑሪ ጎሬ ጥሩ አየር እንዳለው፣ ማርም እንደሚገኝ ነገሩት። ኑሪ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ሌላ ቀልድ አልጨመረበትም።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሱ ይወርዳል፣ እሷ ትወጣለች። ቆመ።

«ስድስተኛው ሐመሩ ሐ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«አባትሽ ነግረውኝ ነበር እኮ። ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ስስቅ ነው ያመለጠኝ።» ከደረጃው ብረት ላይ የተላጠውን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ። «የእሱን ግድ የለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስጠራሽ ሰምተሽኛል?»

አልሰማሁህም ማለት ይቻል ነበር። ዝናሙም ምክንያት ይሆናት ነበር።

«ሰምቼሃለሁ» አለች ሞልቱ።

ኑሪ ራሱን ነቀነቀና ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ቀና አላለም። ሰነዶቹን በተላላኪ በኩል ይልክላት ጀመር፤ በመካከላቸው ያለው ግን አንድ ክንድ ነው። መሄጃው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሐሚዳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

አርብ ማታ ሞልቱ አጥሩን ከፍታ ስትገባ አባቷ እንደ ወትሮው ጉቶው ላይ ነበሩ። ማለፏን ከነገረቻቸው ሦስት ቀን ሆኗል፤ መርቀዋታል፤ አቶ ደገፋም መጥተው መርቀዋታል።

«ዛሬ ቀስ ብለሽ ነው የምትራመጂው» አሏት።

ሞልቱ ጫማዋን ድንጋዩ ላይ ጠረገች። ከጠረገችም በኋላ እዚያው ቆማ ቀረች።

«ከኑሪ ጋር ቅራኔ አለን፣ አባ።»

«የወረቀት?»

«አይደለም።»

ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ስልኩን፣ ሀንና ሐን፣ ደረጃውን። አጭር ነው፤ ለመናገር ያን ያህል ጊዜ አልወሰደባትም። አቶ ሁንዴሳ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ፈተና ላይ መንገር ይፈቀዳል?» አሉ።

«አይፈቀድም።»

«እንግዲያ አልበደልሽውም።» ዱላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «ግን በድለሽዋል።»

«አዎ» አለች። «ሁለቱም እውነት ነው።»

«ሦስተኛውስ? ያልተጠራው?»

ሞልቱ ወደ እርሳቸው ዞረች። ሞራው ዓይናቸው ላይ እንደ ቀጭን ወተት ረግቷል። ለማንም ያልተናገረችው ነገር ምላሷ ላይ ደረሰና ቆመ። በረቱ ውስጥ ላሟ ተነሥታ እንደገና ተኛች።

አቶ ሁንዴሳ ዝምታዋን ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሞልቱ ከጫማዋ ጫፍ የቀረውን ጭቃ በጣቷ ፋቀች።

«ለልጁ ነግረሽው ታውቂያለሽ? የዓይኔን ነገር?»

«አይቷል። ጥራዙን ሲሰጥዎት አይቷል። ግን እዚህ መቅረት የፈለግኩት ለእርስዎ ብዬ እንደሆነ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።»

«እንግዲያ እንደ ቅሉ ነኝ» አሉ። ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰላት፤ እርግጠኛ አልሆነችም። «ሳልጠራ ሁለታችሁን ፊት ለፊት አቆምኳችሁ። ደገፋን ጥሪልኝ።»

ሞልቱ ተነሥታ ወደ አቶ ደገፋ አጥር ሄደች።

አቶ ሁንዴሳ ከላፍቶ ሳይወጡ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። እሑድ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የአቶ ደገፋን ትከሻ ይዘው፣ እግራቸው በማያውቀው መንገድ መካኒሳ አቦ ድረስ ወረዱ። ኑሪ ቤት አልነበረም። ሐሚዳ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው፤ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጠው ጠበቁት።